የጠዋት ክንድ

ሕመሙ የጀመረኝ በሸበጤ ነው። ጅቡቲ ውስጥ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ያለው የጨርቅ ሱቄ ጋ ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ አንዲት ጎረቤቴ ከኋላዬ ተጣራች። «ፈቲያ! አንድ እግርሽ ባዶ ነው!» ዞር ብዬ ሳይ የግራ ሸበጤ መንገዱ መሀል ቀርቷል። የጋለውን አስፋልት በባዶ እግሬ እየረገጥኩ ነበር፤ ግን አልተሰማኝም። ሁለታችንም ሳቅን። ሸበጡን አንስቼ አጠለቅኩትና ቀኑን ሙሉ የጎረቤቶቼ መሳቂያ ሆኜ ዋልኩ።

ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ተቅማጥ ይዞኝ ነበር። በጅቡቲ ሙቀት ተቅማጥ ብርቅ ስላልሆነ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ እኔም አልቆጠርኩትም። የእግር ጣቶቼን ሲወርረኝም ቆሜ ስለዋልኩ ነው ብዬ ተውኩት። በማግስቱ ቁርጭምጭሚቴ ደነዘዘ። ቀጥሎ ከደረጃ ስወርድ ጉልበቴ ከዳኝ። ከዚያ አንድ ቀን ለደንበኛ ጨርቅ ላወርድ እጄን ወደ መደርደሪያው ስዘረጋ ጣቃው አምልጦኝ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። ደንበኛዬ አነሳችልኝ። ያኔ ፈራሁ።

ይህን የምጽፈው ያው በሽታ ለያዛችሁ ወይም የያዘውን ሰው ለምታስታምሙ ነው። ስሙ ጊያን-ባሬ ይባላል። ሐኪም አይደለሁም፤ ድሬዳዋ ተወልጄ፣ ጅቡቲ አግብቼ፣ ባሌ ከሞተ በኋላ ድሪዕ ለሚባለው የሴቶች ቀሚስ የሚሆን ጨርቅ የምንሸጥበትን ሱቅ ብቻዬን ይዤ የቆየሁ ሴት ነኝ። ስለዚህ በገዛ ገላዬ ያየሁትን ብቻ ነው የምነግራችሁ። በዚያ ሁሉ ወራት «አይዞሽ» የሚለኝን ሰው ሁሉ ታዝቤዋለሁና እኔም አይዟችሁ ብዬ አላሰለቻችሁም።

ሆስፒታል ዶክተሩ በትንሽ መዶሻ ጉልበቴን መታ። ምንም አልተንቀሳቀሰም። ሌላውንም መታ። ምንም። ከጀርባዬ በመርፌ ፈሳሽ ወሰዱ፤ ፖንክሲዮን ሎምቤር ይሉታል። ፈሳሹ ውስጥ ፕሮቲን በዝቶ ተገኘ። ዶክተሩ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጦ በፈረንሳይኛ ቀስ እያለ አስረዳኝ። «ሰውነትሽ የሆድሽን ተሕዋሲ ሲዋጋ የራሱ ነርቮችም ጠላት መስለውት እየመታቸው ነው። ከዚህ በሽታ ብዙ ሰው ይድናል። ግን ከመዳንሽ በፊት ይብስብሻል።»

ባሰብኝ።

እግሬ ሄደ። እጄ ሄደ። የፊቴም አንድ ወገን ደነዘዘ። ውሃ ስጠጣ ትን አለኝ። ዶክተሩ በየጠዋቱ እየመጣ «አንድ ጊዜ ብቻ አየር ሳቢና ትንፋሽሽ እስኪያልቅ ቁጠሪ» ይለኛል። ሜትር ስቆጥር የኖርኩ ነጋዴ ነኝ። ሃያ አራት ቆጠርኩ። በማግስቱ አሥራ አምስት። ቀጥሎ ዘጠኝ። «ከዚህ ከወረደ በማሽን ትተነፍሻለሽ» አለኝ። አሥርን ፈለግኩት። አልመጣም። በልቤ ሰደብኩት፤ ዶክተሩን ሳይሆን አሥርን።

ኢሙኖግሎቡሊን የሚባለውን መድኃኒት በደም ሥሬ ሰጡኝ። ቁጥሩ ዘጠኝ ላይ ቆመ። ሳይወርድ ሰነበተ። አንድ ጠዋት አሥር አልኩ። ነርሷ አጨበጨበች። እኔ አለቀስኩ። እንባዬን የምጠርግበት እጅ አልነበረኝም።

ከሆስፒታል በሰው ተደግፌ ስወጣ ታላቅ ወንድሜ ጀማል ከድሬዳዋ በባቡር መጥቶ ቤቴ ይጠብቀኝ ነበር። ጀማል ደግ ሰው ነው፤ ችግሩ ዓለምን ሁሉ በአንድ ቃል መጨረሱ ነው፤ ያም ቃል «ተይው» ነው። ጨርቁን ተይው፣ ደረጃውን ተይው፣ ኩባያውን ተይው እኔ ላንሳልሽ። ቤቱ በጠያቂ ተጨናነቀ። አንዷ የፍየል ሾርባ ይዛ ትመጣለች፣ ሌላዋ ትራስ ታስተካክላለች፣ ሁሉም «ተኚ፣ እረፊ» ብለው ይወጣሉ። ተኝቼ እንደነበር የረሱ ይመስል! ከተኛሁበት ለመነሳት ነበር የምፈልገው።

ጀማል ሳምንት ሳይሞላው ዋናውን ነገር አወጣው። ድሬዳዋ ያለው ቤተሰብ ተነጋግሮ ሱቁን ለአክስታችን ልጅ እንዳስረክብና እኔ ወደ ድሬ እንድመለስ ተስማምቷል። እኔን ያነጋገረኝ ግን የለም።

«ድሬ ሄጄ ምን ልሁን?» አልኩት።

«አቦ፣ ምን ትሆኛለሽ? ቁጭ ትያለሽ። ሁሉም ነገር ይቀርብልሻል።»

«ፎቶ ነኝ እንዴ ግድግዳ ላይ የምትሰቅሉኝ?»

ተናደደ። እኔም ባልደነዘዘው የአፌ ወገን የቻልኩትን ያህል ተናደድኩ። በመጨረሻ እንዲህ አለ፦ «እሺ። ሱቅሽን በገዛ እጅሽ ከከፈትሽ ወላሂ ብቻዬን እመለሳለሁ። ሙቀቱ እስኪያበቃ እጠብቅሻለሁ። ካልቻልሽ ግን አብረን ነው የምንሄደው።»

ነገሩን ለማያውቅ ቀላል ይመስላል። ሱቄን መክፈት ግን ቁልፍ ማዞር ብቻ አይደለም። ወደ ላይ የሚጠቀለል የብረት በር ነው፤ ሞላው አርጅቷል፤ ቁጢጥ ብሎ ከመሬት ላይ ጨብጦ፣ በእግር ኃይል ተነስቶ፣ ከራስ በላይ መግፋት ይጠይቃል። ደግሞ በዚህ ከተማ ሱቅ ቀትር ላይ ይዘጋና ሙቀቱ ሲበርድ እንደገና ይከፈታል፤ ስለዚህ በሩ በቀን ሁለቴ ይነሳል። ለዓመታት በቀን ሁለቴ ሳነሳው ከባድ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ጎረቤቶቼ «ሞተር አስገጥሚበት» አሉኝ። «መብራት ሲጠፋስ?» አልኳቸው።

ያን ጊዜ ነው ሆዳን የመጣችው። ሆዳን ፊዚዮቴራፒስት ናት፤ እዚህ አገር በፈረንሳይኛው «ኪኔ» ይሏቸዋል። የጅቡቲ ሶማሌ ሆና አማርኛ ትናገራለች፤ ያስተማረቻትም በልጅነቷ ያሳደገቻት ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ ናት። በዚህ ምክንያት አማርኛዋ ሁሉ የማድ ቤት አማርኛ ነው። ዝግ እንድል ስትፈልግ «እሳቱን ቀንሺ» ትለኛለች። ደህና ስሠራ «አሁን በሰለ» ትላለች። እንደ እሷ ያለ ሐኪም ለጠላቴም አልመኝም፤ አትለቅም።

መጀመሪያ ያሠራችኝ እጄን ጠረጴዛ ላይ ማንሸራተት ነበር፤ ማንሳት እንኳ አይደለም። ከዚያ ክንዴን ባዶውን ማንሳት፣ ከወንበር ያለ እጅ መነሳት ቀጠለ። የብረት ክብደት ቤቴ ስለሌለ በሱቄ ዕቃ ተጠቀምን። ከሁሉ የሚቀለው የቮይል ጣቃ ነው፤ ቀጥሎ ፖፕሊን፣ ከዚያ አቡጀዲ፣ መጨረሻ ላይ የመጋረጃ ጨርቅ። ቮይሉን እንደ ሕፃን ታቅፌ ከወንበር መነሳት ስጀምር ወዲያው ፖፕሊኑን ጠየቅኳት።

«ለመጨመር መንገዱ ሦስት ነው» አለችኝ። «ከባድ ጣቃ መያዝ፣ ብዙ ጊዜ መነሳት፣ ወይም በያዝሽው ጣቃ ቀስ ብለሽ መቀመጥ። ዛሬ አንዱን ብቻ ትመርጫለሽ። ሦስቱንም አንድ ላይ ከጨመርሽ የትኛው እንዳቃጠለሽ አናውቅም።»

ሰምቻታለሁ። ግን የሰማሁት በአንድ ጆሮዬ ነበር፤ በሌላው የጀማልን ባቡር እሰማለሁ።

አንድ ቀን ጀማል ቀትር ላይ አንድ ዙርባ ጫት ይዞ ገባ። ጫቱ ከኢትዮጵያ የሚደርስበት ሰዓት ነው፤ ከተማው ሁሉ በዚያን ሰዓት በየቤቱ ይሰበሰባል። ከታመምኩ ጀምሮ አልቃምኩም ነበር። ሁለት ጎረቤቶቼም መጡ። ጨዋታው ደራ፣ ምርቃናው መጣ፣ እኔም ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውነቴ የራሴ መሰለኝ። ድካም የሚባል ጠፋ። ሱቆች የሚከፈቱበት ሰዓት ሲደርስ ተነሳሁና «ኑ» አልኳቸው።

በሩን አነሳሁት። ከመሬት ጀምሬ፣ በአንድ ትንፋሽ። ሴቶቹ እልል አሉ። ጀማል አፉን ይዞ ቀረ። «አየህ?» አልኩት። ልቤ ከበሮ ይመታ ነበር። ያንን ከሰዓት በኋላ የመጋረጃ ጨርቅ ሳይቀር ብቻዬን አወረድኩ፣ አሳየሁ፣ መለስኩ፤ ከታመምኩ ጀምሮ ጎረቤቶቼና ጀማል ሲከፍቱና ሲዘጉልኝ የነበረውን በር ሲመሽ እኔው ጎትቼ ዘጋሁት።

በማግስቱ ማበጠሪያ ማንሳት አቃተኝ።

ክንዴ አልጋው ላይ ነበር። የኔ ነው። አይነሳም። ጭኔ ተንቀጠቀጠ። የእግር ጣቶቼን ወረረኝ። ሸበጤን አሰብኩ። እንደገና መጣ አልኩ። መቁጠር ጀመርኩ። ከሃያ ማለፌን ሳይ ብቻ ትንፋሼ ተመለሰልኝ።

ዶክተሩ መረመረኝ፤ መዶሻውን አነሳ፣ አስቆጠረኝ፣ እጁን አስጨበጠኝ። «በሽታው አልተመለሰም» አለ። «ነርቩ ገና እያደገ ነው። ጡንቻሽን ነርቩ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ አሠራሽው። ዕረፍት ስጪው፤ ከዚያ ከነበርሽበት ዝቅ ብለሽ ጀምሪ።»

ጀማል ኮሪደሩ ላይ ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። ቤት ስንገባ ሻንጣዬን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደ። «በቃ ፈቲ። ተይው። ይገድልሻል።» አልጮኸብኝም፤ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ከበሽታውም ከሙቀቱም ይልቅ ልታሸንፈኝ የነበረችው ያቺ የቀላች ዓይኑ ናት፤ ያን ማታ ሻንጣውን ልሞላ ጥቂት ነበር የቀረኝ።

ሆዳን በማግስቱ መጣች። አልተቆጣችም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። «በስንት ሰዓት ነው ያነሳሽው?»

«ሱቅ መክፈቻ ላይ፤ ከሰዓት በኋላ።»

«ቅመሽ?»

«ቅሜ።»

«እንግዲያው ያነሳሽው አንቺ አይደለሽም።»

«ታዲያ ያመመኝ የማን ክንድ ነው?» አልኳት።

ሳቀች። ቀጥላ የነገረችኝን ግን አሁንም እደጋግመዋለሁ። «ጫት ድካሙን ይደብቃል፤ አያጠፋውም። ድካም ደግሞ የኛ ቴርሞሜትር ነው። ከአሁን በኋላ በጠዋት ትሠሪያለሽ፣ ሳትቅሚ። ማነስና መብዛቱን ደግሞ በዚያው ቀን አንጠይቅም። በማግስቱ ጠዋት ነው የምንጠይቀው። የማግስቱ ጠዋት አይዋሽም።»

ያን ጊዜ ወሰንኩ። ሻንጣውን ወደ ቁም ሳጥኑ ላይ መለስኩት፤ እኔ ስለማልችል ጀማልን ነው ያስመለስኩት። «ሙቀቱ እስኪያበቃ ብለሃል፤ ገና አላበቃም» አልኩት። አጉረመረመ፣ ግን ቃሉን የሚበላ ሰው አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ የሚያጓጓ ነገር የለውም፤ ማገገም እንደዚያ ነው፤ አንድ ዓይነት ጠዋት ከሌላ አንድ ዓይነት ጠዋት ጋር እየተቀጣጠለ፣ ካምሲን በሚሉት የበጋ ነፋስ አቧራ መስኮት ተዘግቶ፣ ቮይል ታቅፌ ስነሳና ስቀመጥ፣ መጨመር በሚገባኝ ቀን ደግሞ ሸክሙን ትቼ ቀስ ብሎ መቀመጥን ስመርጥ፣ ያም ከሸክሙ የበለጠ እንደሚያደክም ሳውቅ፣ አንዳንዴም ወደ ባዶ እጅ ስመለስና ሆዳንን በልቤ ስረግማት አለፈ። መለኪያዬ ማበጠሪያ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ፀጉሬን ሳበጥር ክንዴ ካልተንቀጠቀጠ፣ ያው ሥራ ይደገማል። ሁለት ጠዋት ተከታትሎ ካልተንቀጠቀጠ አንድ ነገር ይጨመራል። ከተንቀጠቀጠ ይቀነሳል፤ ያለ ለቅሶ፣ ያለ ድርድር። እኔ ያለ ድርድር! ነጋዴ ለሆነ ሰው ከሕመሙ የባሰ ሕመም ነው።

ፖፕሊን ላይ ደርሼ አቡጀዲን ስጀምር ግን የበሩ ነገር አላስተኛኝ አለ። ጣቃ ጣቃ ነው፤ በር በር ነው። ሆዳንን «እኔ ሙሉ ጣቃ ለደንበኛ አላሸክምም፤ በሜትር እቆርጣለሁ። በሩንስ ለምን አንቆርጠውም?» አልኳት። ጀማል ሞላውን ቀባልን፤ በርጩማ አመጣንና በሩን እስከ በርጩማው አነሳው፣ በርጩማውን ከሥሩ አስገባ፤ ከዚያ በላይ ያለውን እኔ ገፋሁት። ከላይ ያለው ክፍል ቀላሉ ነው። ሆዳን ጉልበቴንና ጀርባዬን እያየች ዞረችኝ። «በሰለ» አለች በመጨረሻ። «ግን በጠዋቱ ብቻ። የከሰዓቱን ወንድምሽ ይክፈት።»

እንዲህ ሆኖ የኔ ትግል የጀማል ሥራ ሆነ። ሊረታኝ መጥቶ በየጠዋቱ በሬን እየከፋፈለ ይሰጠኝ ጀመር። በርጩማው በለስላሳ መጠጥ ሳጥን ተተካ፤ ቆሞ የነበረው ሳጥን ተጋደመ፤ ሳጥኑ በብሎኬት ተተካ። ብሎኬቱ ላይ ብዙ ቆየን። አንድ ጊዜ ጉንፋን ይዞኝ ወደ ሳጥኑ ተመለስን፤ ጀማል ሳልነግረው ሳጥኑን ይዞ መጣ። ፀጉሬን አበጥሬ ስወጣም «ዛሬስ ተንቀጠቀጠ?» የሚለኝ እሱ ሆነ። ከመንገዱ ማዶ የሚቆሙ ጫኝ አውራጆች አንዱን ጠዋት «እኛ እናንሳልሽ እማማ» አሉኝ። ጀማል ከእኔ ቀድሞ «ማንም እንዳይነካት!» ብሎ ጮኸባቸው።

ሙቀቱ አበቃ። ብሎኬቱ በጣውላ ተተክቶ በሩ ገና ጣውላ ላይ ነበር፤ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል። ጀማል ስለ ባቡር አላነሳም። እኔም አላስታወስኩትም።

መጨረሻውን ከመንገሬ በፊት የተማርኩትን ላስቀምጥላችሁ፤ ምክር አልለውም፤ ምክር ሲበዛብኝ ታምሜያለሁና። ክብደት መጨመር ብቻ አይደለም ማደግ። ቀስ ብሎ ማውረድም፣ አንድ ጊዜ መድገምም፣ ስንዝር ዝቅ ብሎ መጀመርም ማደግ ነው፤ ሁሉንም ባንድ ቀን አትንኩ እንጂ። ደስ ባላችሁ ሰዓት፣ ሰው እልል ባለላችሁ ሰዓት፣ ምርቃና ላይ ሆናችሁ ስለ ነገ አትወስኑ። ወደ ታች መመለስ ሽንፈት የሚመስለው ለሚያይ ሰው ነው፤ ለሚሠራው ሰው ሥራ ነው። ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ውሃ ትን ካላችሁ፣ ወይም ድክመቱ ካረፋችሁም በኋላ እየጨመረ ከሄደ ግን ይህን ጽሑፍ ጣሉና ሆስፒታል ሂዱ፤ የዚያን ቀን ጀግንነት እሱ ነው። «ተኙ» የሚሏችሁን ስሙ፣ አመስግኑ፣ ሾርባቸውን ጠጡ፤ ከዚያ ተነሱ።

ያን ዶክተር አመሰግናለሁ፤ እውነቱን ሳይቀባባ ነግሮኛል። አሥር ስል ያጨበጨበችልኝን ነርስ አመሰግናለሁ። ሆዳንን አመሰግናለሁ፤ እሷን ያሳደገቻትን፣ ስሟንም የማላውቃትን የአገሬን ልጅ ደግሞ ከልቤ አመሰግናለሁ። አሁንም የእግሬ ጣቶች ላይ ትንሽ ድንዛዜ አለ። ሲደክመኝ ግራ እግሬ ይጎተታል። መሀል ጅቡቲ ያለው ምኒልክ አደባባይ ድረስ ግን በእግሬ እሄዳለሁ፤ ሸበጤ መንገድ ላይ ቢቀር ይታወቀኛል።

አንድ ጠዋት ጀማል ጣውላውን ሊያስገባ ሲያጎነብስ «ተወው» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ጣውላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። ቁጢጥ አልኩ። ብረቱ ገና ቀዝቃዛ ነበር። ተረከዜን መሬቱ ላይ ተከልኩ፣ ተነፈስኩ፣ ተነሳሁ። በሩ ጉልበቴን አለፈ፣ ደረቴን አለፈ፣ ከራሴ በላይ ወጥቶ ተጠቀለለ። እልል ያለ ሰው አልነበረም። መንገዱ ላይ ከእኛ በቀር ማንም አልነበረም።

«በል እንግዲህ» አልኩት። «ብቻህን ትመለሳለህ።»

«ዛሬማ አልሄድም» አለ። «የነገን ጠዋት ሳላይ ወዴት ነው የምሄደው?»

በማግስቱ ፀጉሬን አበጠርኩ። ክንዴ አልተንቀጠቀጠም። ሱቁ ጋ ስደርስ ጀማል ከማዶ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። በአገጩ ወደ በሩ አመለከተኝ። ቁጢጥ አልኩና አነሳሁት።

ብድግ ብሎ መንገዱን ተሻገረ። ሊያቅፈኝ ነው ስል ክንዴን በሁለት ጣቱ ያዘና ጨርቅ እንደሚገዛ ሰው ጫን ጫን እያደረገ ዳሰሰው።

«ጥሩ ነው» አለ።

ከዚያ ሻንጣውን አንስቶ ብቻውን ሄደ።